የካሳ ደብዳቤ ለአንድ ፎቶ፦ መክፈል፣ መከራከር ወይስ ዝም ማለት?

የዋሽንግተን ዲሲው አዳምስ ሞርጋን ለኢትዮጵያውያን የባዕድ ሠፈር አይደለም። ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ድረስ የተዘረጋው የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤትና ንግድ በመጀመሪያ ሥር ከሰደደባቸው ቦታዎች አንዱ የዚህ ሠፈር 18ኛ ጎዳና ነበር። እ.አ.አ. በ2011 አንድ ፎቶግራፍ አንሺ ይህን ሠፈር ሲመሽ አነሣው፤ የሚተላለፉት መኪኖች መብራት በፎቶው ላይ እንደ ቀይና ነጭ ክር ተዘርግቶ ይታያል። ከአምስት ዓመት በኋላ በሰሜን ቨርጂኒያ የፊልምና የሙዚቃ ፌስቲቫል የሚያዘጋጅ አንድ ኩባንያ ፎቶውን ከኢንተርኔት አግኝቶ፣ ዳርና ዳሩን ቆርጦ፣ ለፌስቲቫሉ እንግዶች የሚጎበኙ ቦታዎችን በሚጠቁም ገጹ ላይ ለጠፈው። ባለቤቱ ደብዳቤ ሲጽፍ ኩባንያው ፎቶውን ወዲያውኑ አነሣ። ገንዘብ ግን አልከፈለም፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደረሰ።

በ2018 የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ኩባንያው ፎቶውን የተጠቀመበት መንገድ በአሜሪካ ሕግ «ፍትሐዊ አጠቃቀም» የሚባለው ነው ብሎ ክሱን ውድቅ አደረገው። መረጃ ለመስጠት እንጂ ለመሸጥ አልዋለም፣ ድርጅቱም ፎቶው መብቱ የተጠበቀ መሆኑን አላወቀም የሚሉት ነጥቦች ሚዛን ደፍተው ነበር። በሚያዝያ 2019 የአራተኛው ቀጠና ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ይህን ውሳኔ ሻረው። ፎቶን መቁረጥ አዲስ ትርጉም አይሰጠውም፤ ያነሣው ሰው ሊያሳይ የፈለገውን ያንኑ ሠፈር ለማሳየት መጠቀምም አዲስ ሥራ አይባልም አለ። ዳኞቹ ያዩት አንድ ሌላ እውነታም ነበር፤ ፎቶግራፍ አንሺው የዚያኑ ፎቶ ፈቃድ ቀደም ሲል ለሁለት ደንበኞች፣ ለአንዱ በ1,250፣ ለሌላው በ750 ዶላር ሸጦ ነበር። ገበያ ያለውን ዕቃ ያለ ፈቃድ መውሰድ ገበያውን ይጎዳል ማለት ነው።

ይህ ጉዳይ ከአንድ ፌስቲቫል ባሻገር ትርጉም የሚኖረው፣ ፎቶው የዋለበት አኳኋን በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ድረ ገጾች በየዕለቱ ከሚያደርጉት ጋር ስለሚመሳሰል ነው። የማኅበረሰብ ማኅበሩ ስብሰባ ሲጠራ የከተማውን ፎቶ ይለጥፋል። ቤተ ክርስቲያኑ ለጥምቀት በዓል፣ መስጊዱ ለዒድ፣ የጉዞ ወኪሉ ለላሊበላ ጉብኝት፣ የአማርኛ ዜና ገጹ ለሰበር ዜና ምስል ይፈልጋሉ። ምስሉን የሚያገኙት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከጉግል ፍለጋ ነው። ድረ ገጹን የሠራው በጎ ፈቃደኛ ወጣት ምናልባት ከስምንት ዓመት በፊት ወደ ሌላ ግዛት ሄዷል። አንድ ቀን ከማይታወቅ ድርጅት ኢሜይል ይመጣል፤ ፎቶው የእንትና ነው፣ ፈቃድ አላሳዩም፣ በ14 ቀን ውስጥ ይህን ያህል መቶ ወይም ይህን ያህል ሺህ ዶላር ይክፈሉ ይላል። ደንግጦ መክፈልም፣ አጭበርባሪ ነው ብሎ መሰረዝም በዚህ ጊዜ የሚመጡ ፈጣን ምላሾች ናቸው። ሁለቱም ብዙ ጊዜ ዋጋ ያስከፍላሉ፤ የሁለተኛው ግን ዘግይቶ ስለሚመጣ ይበልጥ ያዘናጋል።

በብዙዎች ዘንድ የሚሰማ አንድ ግምት አለ፤ በአማርኛ የተጻፈን ገጽ፣ ያውም መቶ ሰው የማይጎበኘውን፣ ማን ያየዋል የሚል። ግምቱ ጊዜው ያለፈበት ነው። ፍለጋውን የሚያካሂደው ሰው ሳይሆን ፕሮግራም ነው፤ ፕሮግራሙ ጽሑፉን አያነብም፣ ምስሉን ከምስል ጋር ያነጻጽራል። ፎቶ ቢቆረጥ፣ ቢያንስ፣ ጽሑፍ ቢደረብበትም ይለየዋል። ጌቲ ኢሜጅስ የተባለው ግዙፍ የፎቶ ኩባንያ በዚህ ቴክኖሎጂ የታወቀውን የእስራኤል ድርጅት ፒክስካውትን የገዛው በ2011 ነበር። ዛሬ የዜና ወኪሎችም ሆኑ በግላቸው የሚሠሩ ፎቶግራፍ አንሺዎች ይህን ሥራ ለሌሎች ድርጅቶች አሳልፈው ይሰጣሉ፤ ለምሳሌ ለፈረንሳዩ የዜና ወኪል ኤኤፍፒ ፒክራይትስ የተባለው ድርጅት ደብዳቤ ይጽፋል። ከሚሰበሰበው ገንዘብ የተወሰነው እጅ የላኪው ድርሻ የሚሆንበት አሠራርም የተለመደ ነው። ደብዳቤው በሺዎች ተባዝቶ የሚላከውም ስለዚህ ነው።

ደብዳቤው የማን ነው?

ከሁሉ በፊት መጣራት ያለበት ደብዳቤው ራሱ ነው። ማይክሮሶፍት በ2021 እንዳስታወቀው፣ አጭበርባሪዎች በድረ ገጾች የመልእክት መቀበያ ቅጽ በኩል «ፎቶዬን ሰርቀሃል፣ ማስረጃው እዚህ አለ» የሚል ዛቻ እየላኩ፣ ማስፈንጠሪያውን የተጫነውን ሰው ኮምፒውተር በጎጂ ፕሮግራም ያስይዙ ነበር። ስለዚህ ከደብዳቤው ጋር የመጣን ማስፈንጠሪያ ወይም የተጨመቀ ፋይል አለመክፈት፣ የላኪውን ድርጅት አድራሻና ስልክ ለብቻው ፈልጎ ማግኘት፣ ጠበቃ ነኝ ካለም ስሙን በግዛቱ የጠበቆች ማኅበር መዝገብ ላይ ማየት ይገባል። ገንዘብ ሳይጠይቅ «ከፎቶው ሥር የእኛን ድረ ገጽ አገናኝ» ብቻ የሚል «የሕግ ቢሮ» ቢመጣ ሊያስጠረጥር ይገባል፤ የእውነተኛ ባለመብት አቀራረብ አይደለምና።

ላኪው እውነተኛ ድርጅት ሆኖ ሳለ ጥያቄው መሠረተ ቢስ የሚሆንበት ጊዜም አለ። የአሜሪካን ሕንፃዎችና መንገዶች በማንሣት የታወቀችው ካሮል ሃይስሚዝ በሺዎች የሚቆጠሩ ፎቶዎቿን ሕዝብ በነጻ እንዲጠቀምባቸው ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሰጥታለች። ያም ሆኖ በ2015 መጨረሻ ራሷ ያነሣችውን ፎቶ በራሷ ድርጅት ድረ ገጽ ላይ በማውጣቷ 120 ዶላር እንድትከፍል የሚጠይቅ ደብዳቤ ደረሳት። በነገሩ ተቆጥታ በጌቲና በሌሎች ላይ የአንድ ቢሊዮን ዶላር ክስ መሠረተች። ፍርድ ቤቱ ከቅጂ መብት ጋር የተያያዘውን የክሱን ክፍል አልተቀበለውም፤ መብቷን ለሕዝብ ስለሰጠች የቅጂ መብት ጥሰት ብላ የምትከስበት ምክንያት አልነበራትም። ከዚህ ታሪክ ለደብዳቤ ተቀባይ የሚተርፈው ቁም ነገር ግን ግልጽ ነው፤ ገንዘብ መጠየቅ ባለመብት መሆንን አያረጋግጥም። ማስረጃ መጠየቅ ድፍረት ሳይሆን መብት ነው።

ዋጋውን የሚወስኑት

በአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ የሚያስደነግጠው ቁጥር 150,000 ዶላር ነው። ደብዳቤዎቹ ይህን ቁጥር መጥቀስ ይወዳሉ። ሕጉ በእርግጥ እንዲህ ይላል፤ ባለመብቱ የደረሰበትን ጉዳት በዶላር ማስላት ሳያስፈልገው፣ ፍርድ ቤት ለአንድ ሥራ ከ750 እስከ 30,000 ዶላር ሊፈርድለት ይችላል። ጥሰቱ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ከሆነ ጣሪያው ወደ 150,000 ከፍ ይላል። ተከሳሹ የሚፈጽመው ነገር ጥሰት መሆኑን አለማወቁንና ለማወቅም ምክንያት እንዳልነበረው ካስረዳ ደግሞ ወለሉ ወደ 200 ዶላር ሊወርድ ይችላል። ደብዳቤዎቹ ይህን የመጨረሻውን ቁጥር እምብዛም አያነሡትም።

ከዚህ ይበልጥ የሚመዝነው ግን ሌላ የሕጉ አንቀጽ ነው። ፎቶ በተነሣበት ቅጽበት የቅጂ መብት ያገኛል፤ ምዝገባ አያስፈልገውም። ነገር ግን በሕግ የተተመነውን ይህን ካሳና የጠበቃ ወጪውን ለመጠየቅ፣ ፎቶው ጥሰቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ወይም ለመጀመሪያ ጊዜ ከታተመ በሦስት ወር ውስጥ፣ በአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ ተመዝግቦ መገኘት አለበት። ካልተመዘገበ ባለመብቱ የሚጠይቀው በእርግጥ ያጣውን፣ ማለትም የፈቃዱን ዋጋ፣ እንዲሁም ጣሹ ከፎቶው ያገኘውን ትርፍ ብቻ ነው። ለአንድ የማኅበረሰብ ማኅበር የስብሰባ ማስታወቂያ ትርፉ ዜሮ ነው። ስለዚህ የ30,000 ዶላር ዛቻ በአንድ የምዝገባ ቀን ምክንያት ወደ ጥቂት መቶ ዶላር ሊወርድ ይችላል። የቢሮው መዝገብ በኢንተርኔት በነጻ ይታያል፤ ደብዳቤ የደረሰው ሰው በመጀመሪያው ቀን ሊያደርጋቸው ከሚችላቸው ነገሮች ይህን ያህል የሚጠቅም ጥቂት ነው። ፎቶው በስሙ ባይገኝ እንኳ የምዝገባውን ቁጥርና ቀን ከላኪው መጠየቅ ይቻላል። ከአሜሪካ ውጭ ለታተመ ፎቶ ክስ ለመመሥረት ቀድሞ መመዝገብ ግዴታ ባይሆንም፣ በሕግ የተተመነውን ካሳ ለማግኘት ግን ያው የምዝገባ ግዴታ አለበት።

የፎቶግራፍ አንሺው ስም ወይም ምልክት ከፎቶው ላይ ተቆርጦ ከሆነ ስሌቱ ይለወጣል። የባለቤትነት መረጃን ጥሰትን ለመሸፈን ወይም ለማመቻቸት አውቆ ማጥፋት ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፤ ለእያንዳንዱ ከ2,500 እስከ 25,000 ዶላር ያስፈርዳል፣ የፎቶውን መመዝገብም አይጠብቅም። ዜና ገጾች የወኪሎችን ፎቶ ከሥሩ ቆርጠው የራሳቸውን ዓርማ የሚደርቡበት ልማድ ከዚህ አንጻር ከቀላል ግድየለሽነት የከፋ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚነሡ መከላከያዎች አሉ፤ ብዙዎቹ ውኃ አያነሡም። «ለትርፍ አንሠራም» ማለት ዋጋውን ሊቀንስ ይችል ይሆናል እንጂ ከኃላፊነት ነጻ አያወጣም። ሕጉ ለትርፍ ላልቆሙ ትምህርት ቤቶች፣ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት በጠባቡ የከፈተው በር አለ፤ አብያተ እምነትና የማኅበረሰብ ማኅበራት ግን በጥቅሉ በዚያ አይገቡም። «የፎቶውን ምንጭ ጠቅሰናል» የሚለውም ፈቃድን አይተካም። «ድረ ገጹን የሠራው ሌላ ሰው ነው» የሚለው እውነት ቢሆን እንኳ በድረ ገጹ ባለቤትና በሠሪው መካከል የሚታይ ጉዳይ ነው፤ ባለመብቱ የሚጠይቀው በገጹ ላይ ስሙ ያለውን ነው። አስተያየት ሰጪዎችና አባላት ራሳቸው ለሚለጥፉት ምስል ድረ ገጹን የሚጠብቅ የ1998 ሕግ አለ፤ ለዚያ ግን ድረ ገጹ ጥቆማ የሚቀበል ተወካይ በቅጂ መብት ቢሮ ያስመዘገበ መሆን አለበት፣ የራሱ አዘጋጆች የለጠፉትንም አይሸፍንም። የምዝገባው ክፍያ ስድስት ዶላር ብቻ ሆኖ ሳለ ብዙ ገጾች ሳያደርጉት መቅረታቸው ያስገርማል።

ጊዜ አልፎበታል የሚለው ክርክርም እንደ ቀድሞው አያስተማምንም። ክስ የሚቀርብበት ጊዜ ሦስት ዓመት ነው። ነገር ግን ብዙ ፍርድ ቤቶች ሦስቱን ዓመት መቁጠር የሚጀምሩት ባለመብቱ ጥሰቱን ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ጊዜ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2024 በወርነር ቻፔል ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ ክሱ በዚህ መንገድ በወቅቱ ቀርቧል ከተባለ ካሳው ወደ ኋላ በሦስት ዓመት አይገደብም ብሏል። በ2013 ተለጥፎ የተረሳ ፎቶ ዛሬም ሊያስጠይቅ ይችላል።

በሌላ በኩል ደብዳቤ ላኪው የሚያሰላው የራሱ ወጪም አለ። በፌዴራል ፍርድ ቤት መክሰስ ውድ ነው፤ የጠበቃ ወጪውን ማስመለስ የማይችል ባለመብት ለ500 ዶላር ፈቃድ እምብዛም አይከስስም። ይህን ክፍተት ለመሙላት ኮንግረስ በ2020 ባወጣው ሕግ የቅጂ መብት አቤቱታ ቦርድ ተቋቁሞ በ2022 ሥራ ጀምሯል። ቦርዱ በአንድ ጉዳይ የሚወስነው ጣሪያ 30,000 ዶላር ነው፤ በወቅቱ ላልተመዘገበ ሥራ ደግሞ በሕግ የተተመነው ካሳ ከ7,500 ዶላር አይበልጥም። ተከሳሹ መጥሪያው በደረሰው በ60 ቀን ውስጥ «በዚህ ቦርድ መዳኘት አልፈልግም» ብሎ መውጣት ይችላል። ይህን ሳይልም መልስም ሳይሰጥ ከቀረ ግን ቦርዱ በሌለበት ሊወስንበት ይችላል። በፌዴራል ፍርድ ቤትም መጥሪያ የደረሰው ሰው በተለመደው አሠራር የ21 ቀን ጊዜ ብቻ አለው። ከሁሉ የሚከፋው ሽንፈት ሳይከራከሩ የሚሸነፉት ነውና፣ ዝምታ ወርቅ የማይሆንበት ቦታ ቢኖር ይህ ነው።

ይህ የደብዳቤ ንግድ በዳኞች ዘንድም መልካም ስም ብቻ አይደለም ያተረፈው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአንድ ሺህ በላይ ክሶችን በኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ያቀረበ አንድ ጠበቃ በ2020 ዳኛን በማሳሳቱና ትእዛዝ በመጣሱ ከ100,000 ዶላር በላይ ተቀጥቷል። ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ ክስ ከመመሥረቱ በፊት የፎቶውን ምዝገባ በአግባቡ አለማጣራቱ ነበር። እርግጥ ይህ ሁሉንም ላኪዎች አይወክልም፤ ምዝገባውን መጠየቅ ግን ከንቱ ክርክር አለመሆኑን ያሳያል።

መልሱ ምን ይበል?

ፎቶውን ከማንሣት በፊት ገጹን እንዳለ፣ ከቀኑና ከአድራሻው ጋር፣ ማስቀረጽ ያስፈልጋል። ምን ያህል ጊዜ እንደታየ፣ መቼና በማን እንደተለጠፈ የሚያሳየውን መረጃም እንዲሁ። ከዚያ ፎቶው ይነሣል፤ ከገጹ ላይ ብቻ ሳይሆን ፋይሉ ከተቀመጠበት ሰርቨርም ጭምር። ማንሣት ጥፋትን ማመን አይደለም፤ ያለፈውን አይሰርዝም፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ይገታል። ማስረጃውን ማጥፋትና ፎቶውን ማንሣት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን መርሳት አይገባም።

መልሱ አጭር ቢሆን ይመረጣል። ደብዳቤው ደርሶናል፣ ምስሉ ለጊዜው ተነሥቷል፣ ጉዳዩን እያጣራን ነው፤ የፎቶውን ባለቤትነት፣ ድርጅታችሁ እርሱን የሚወክልበትን ሰነድ፣ የምዝገባውን ቁጥርና ቀን፣ እንዲሁም የጠየቃችሁት ገንዘብ የተሰላበትን መንገድና ይኸው ፎቶ ከዚህ በፊት በምን ያህል ፈቃድ እንደተሸጠ አሳዩን። ይኸው ነው። ወገኖቻችን ሰው አክባሪ ከመሆናቸው የተነሣ በመጀመሪያው መልስ ላይ ረጅም ይቅርታ መጻፍ ይቀናቸዋል፤ «ልጁ ከጉግል አውርዶት ነው፣ የእርስዎ መሆኑን አይተን ነበር፣ ይማሩን» የሚል ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ትሕትና ነው፣ በእንግሊዝኛ ፋይል ውስጥ ግን አውቆ የመጣስ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። መሳደብም አይጠቅምም።

ድርጅቱ የኃላፊነት ኢንሹራንስ ካለው ደብዳቤውን ቶሎ ለኢንሹራንሱ ማሳወቅ ይገባል። አንዳንድ የንግድ ኢንሹራንሶች ከማስታወቂያ ጋር የተያያዘ የቅጂ መብት ጥያቄን ይሸፍናሉ፤ ዘግይቶ ማሳወቅ ግን ሽፋኑን ሊያሳጣ ይችላል። የተጠየቀው ገንዘብ ከፍተኛ ከሆነ፣ ፎቶው በወቅቱ የተመዘገበ ከሆነ ወይም ደብዳቤው ከመጥሪያ ጋር ከመጣ፣ የአንድ ሰዓት የጠበቃ ምክር ከሚያስወጣው ይልቅ የሚያድነው ይበልጣል።

ማስረጃው ከተሟላና አጠቃቀሙ ፈቃድ የሚያስፈልገው ከሆነ ድርድሩ በዋጋ ላይ ይሆናል። መነሻው ለተመሳሳይ ፎቶ፣ ለተመሳሳይ መጠንና ጊዜ በገበያ የሚከፈለው የፈቃድ ዋጋ ነው። ባለመብቶች ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ፤ ሁሉም የፈቃዱን ዋጋ ብቻ ከፍሎ የሚወጣ ከሆነ አስቀድሞ የሚገዛ አይኖርም የሚለው ክርክራቸው ውል ያለው ነው። ያም ሆኖ የመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ የተጻፈው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻው አይደለም። ከተስማሙ በኋላ ገንዘቡ ከመላኩ በፊት የሚፈረመው ሰነድ ፎቶውን በስምና በቁጥር የሚለይ፣ ያለፈውን አጠቃቀም በሙሉ የሚዘጋ፣ በባለመብቱ ወይም በእርግጥ በሚወክለው የተፈረመ፣ ክፍያው ጥፋትን እንደማመን የማይቆጠር መሆኑን የሚናገር መሆን አለበት። ያለዚህ ሰነድ የተከፈለ ገንዘብ ነገ ከሌላ ወኪል ለሚመጣ ሌላ ደብዳቤ መልስ አይሆንም።

ከአሜሪካ ውጭ

በጀርመን ለሚኖሩ አንባቢዎች ትልቁ አደጋ ገንዘቡ ላይ ሳይሆን ከደብዳቤው ጋር አብሮ የሚመጣው የፊርማ ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ ጥሰቱን ላለመድገም ቃል ያስገባል፤ ከተደገመ ደግሞ የሚከፈል ቅጣት ያስቀምጣል። ፈራሚውን ለረጅም ዘመን ያስራል። ፎቶውን ከገጹ አንሥቶ ከአንድ የቆየ የፌስቲቫል ማስታወቂያ ላይ የረሳ ማኅበር በፈረመው ውል መሠረት እንደ አዲስ ሊጠየቅ ይችላል። ላኪው ያዘጋጀውን ወረቀት እንዳለ መፈረም ስለማያስገድድ፣ አገልግሎቱን የሚያውቅ ጠበቃ አሻሽሎ እንዲጽፈው ማድረግ የተለመደ ነው። ለንግድ ላልሆነ አጠቃቀም በግለሰብ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በሚቀርብ ጥያቄ ደግሞ የላኪው ጠበቃ ክፍያ የሚሰላበትን መሠረት ሕጉ በመርሕ ደረጃ በ1,000 ዩሮ ይገድበዋል።

የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በ2018 በአንድ የጀርመን ትምህርት ቤት ጉዳይ ወሳኝ ነገር ተናግሯል። አንዲት ተማሪ የስፔኗን የኮርዶባ ከተማ ፎቶ ከጉዞ ድረ ገጽ አውርዳ በቤት ሥራዋ ላይ አዋለችው፤ ትምህርት ቤቱም ሥራዋን በድረ ገጹ አወጣው። ፎቶው ቀድሞውኑ ለሁሉም በነጻ ይታይ ነበር፣ ተማሪዋም ምንጩን ጠቅሳ ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን ፎቶን ወስዶ በሌላ ድረ ገጽ ላይ መጫን ለአዲስ ሕዝብ ማቅረብ ስለሆነ የባለቤቱን ፈቃድ ይሻል አለ። ፎቶግራፍ አንሺው የጠየቀው ካሳ 400 ዩሮ ነበር።

ብሪታንያ እንደ አሜሪካ በሕግ የተተመነ ካሳ የላትም፤ መነሻው የፈቃዱ ዋጋ ነው፣ እስከ 10,000 ፓውንድ የሚደርስ ጥያቄም በአነስተኛ አቤቱታዎች ሥርዓት ይታያል። የለንደን የአማርኛ ዜና አዘጋጆች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ልዩ ነገር ግን አለ፤ ወቅታዊ ዜናን ለመዘገብ የሌላውን ሥራ ያለ ፈቃድ መጠቀም የሚፈቅደው የብሪታንያ ሕግ ፎቶግራፍን በግልጽ ከዚህ አውጥቶታል። በእስራኤል የ2007ቱ ሕግ ጉዳት ሳይረጋገጥ እስከ 100,000 ሸቀል ለመፍረድ ይፈቅዳል። በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች የቅጂ መብት ጥሰት በወንጀልም ሊያስጠይቅ ይችላል፤ የመኖሪያ ፈቃዱ ከአሠሪው ጋር ለተሳሰረ ሠራተኛ ደግሞ በትርፍ ጊዜው በሚያዘጋጀው ገጽ ላይ የሚመጣ ደብዳቤ ክብደቱ የተለየ ነው።

«ነጻ» ስለሚባሉት ፎቶዎች

ከዊኪፒዲያ የተወሰደ ፎቶ ነጻ ነው የሚለው አነጋገር ግማሽ እውነት ነው። አብዛኞቹ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ የተለቀቁ ናቸው፤ ፈቃዱ ደግሞ የፎቶግራፍ አንሺውን ስምና የፈቃዱን ዓይነት መጥቀስን ይጠይቃል። የአዳምስ ሞርጋኑን ጉዳይ የወሰነው ያው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2024፣ እንዲህ ያለ ፈቃድ ያለውን የአንድ ሙዚቀኛ ፎቶ ስም ሳይጠቅስ የተጠቀመ የዜና ድረ ገጽን የፍትሐዊ አጠቃቀም ክርክር ውድቅ አድርጓል። በዚህ መስክ የፈቃዱ ቁጥር ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ከ2013 ወዲህ የወጣው 4.0 የሚባለው ፈቃድ፣ ስሕተቱ በታወቀ በ30 ቀን ውስጥ ከታረመ ፈቃዱ መልሶ ይጸናል ይላል፤ ያለፈውን ጥሰት ግን አይፍቅም። ከዚያ በፊት የነበሩት ይህን ዕድል አይሰጡም። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች በሥራቸው ያነሧቸው ፎቶዎች በአገሪቱ ውስጥ የቅጂ መብት የላቸውም፤ በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ የታየ ሁሉ ግን የመንግሥት አይደለም፣ ከሥሩ የዜና ወኪል ስም ካለ ባለቤቱ ወኪሉ ነው።

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ከደብዳቤ ተቀባዩ ወገን ሆኖ የተነገረ ነው። ሌላው ወገን ደግሞ በሩቅ ያለ ባዕድ ብቻ አይደለም። በእኛው ድረ ገጾች ላይ ያለ ስም ከሚዞሩት የጥምቀት፣ የመስቀል፣ የሰሜን ተራሮችና የአዲስ አበባ ፎቶዎች ብዙዎቹን ያነሡት ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ ካሜራቸውን በዕዳ የገዙ፣ ሌሊት ተነሥተው የተጓዙ። የኢትዮጵያ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለፎቶግራፍ ጥበቃ ይሰጣል፤ በውጭ አገር ያለን ተጠቃሚ ለመጠየቅ ግን እስካሁን የሞከሩት ጥቂት ናቸው። ለእነርሱ የሚጠቅመው መሣሪያ ከላይ ተቀባዩ እንዲያጣራው የተመከረው ያው ምዝገባ ነው። የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ ላልታተሙ ፎቶዎች ዜግነትንም መኖሪያንም እንቅፋት አያደርግም፤ ለታተሙት ግን የፎቶግራፍ አንሺው ዜግነት ወይም መኖሪያ፣ ወይም ፎቶው በመጀመሪያ የታተመበት አገር ወሳኝ ስለሆነ አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል። በአንድ ዓመት ውስጥ የታተሙ እስከ 750 ፎቶዎችን በአንድ ማመልከቻ በ55 ዶላር ማስመዝገብ ይቻላል፤ ፎቶው በታተመ በሦስት ወር ውስጥ ከሆነ ደግሞ ከምዝገባው በፊት በዋሽንግተን ወይም በዳላስ አንድ ድረ ገጽ ቢወስደውም፣ በሕግ የተተመነውን ካሳና የጠበቃ ወጪ የመጠየቁ መብት ይጠበቅለታል።